እንከኑን አስቀድሚ

ክቡራን መነኮሳት፣ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ዊማላሴና፣ ነጭ ለብሳችሁ በዚህ ፀሐይ የቆማችሁ እናቶችና አባቶች፣ አውቶቡስ ቀያይራችሁ ከሩቅ የደረሳችሁ እንግዶች፣ የመንደሬ ሰዎች፣ ፊቴን ማየት የማትፈልጉትም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስሜ ኒሳንሳላ ነው። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ላለፉት አምስት ወራት ግን በስሜ የጠራኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። «ያቺ የተማረችዋ» ነው የምባለው። በመንገድ ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል። ካለፍኩ በኋላ ይቀጥላል።

ጋሽ ዊማላሴናን አምስት ደቂቃ ለምኜ ሦስት ሰጡኝ። «ሦስት ደቂቃ፤ ደግ ደጉን ብቻ» አሉኝ። ጋሽዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሦስቱ አይበቃኝም። ደግ ደጉን ብቻም አልችልም። እዚህ ሳጥን ውስጥ የተኛችው ሴት እንደዚያ አላስተማረችኝም።

እትዬ ፒያሲሊ ዳንቴል ሠርታ ስትሸጥ አንድ ሕግ ነበራት። እንከኑን አስቀድሚ። ክር የተሳሳተበትን፣ ቋጠሮ ያበጠበትን፣ መጀመሪያ እሱን አሳዪ። ከዚያ ዕቃውን ዘርጊ።

ስለዚህ ከእንከኗ እጀምራለሁ።

የፒያሲሊ እንከን ይኼ ነው። እውነቱን ታውቅ ነበር፤ ዝም አለች። እኔ በሌላ ሰው ጥፋት ስሰደብ ዝም አለች። እናቴ ሰርግ ቤት ሄዳ ሻይ ሳይቀርብላት ስትመለስ ዝም አለች። አምስት ወር ዝም አለች፤ ዝም እንዳለች ሞተች።

አያችሁት? እንግዲህ ዕቃውን ልዘርጋው።

ከዩኒቨርሲቲ በንግድ ሥራ ተመርቄ ስመለስ ሥራ አልነበረም። የመንግሥት ቅጥር እየጠበቅሁ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ እናቴ «ጣራ ከምትቆጥሪ ሂጂና ፒያሲሊን አግዢያት» አለችኝ። ያኔ የመንደራችንን ዳንቴል የሚገዛው አንድ ደላላ ነበር። በወር አንዴ ይመጣል፣ አፍንጫውን ይነፋል፣ ያጣጥላል፣ ይዞ ይሄዳል። እትዬ ፒያሲሊ በረንዳዋ ላይ ዳንቴል የምትሠራበትን ትራሷን አቅፋ፣ ክር የተጠቀለለባቸውን የእንጨት ቀሰሞች ቀጭ ቀጭ እያደረገች፣ «በስልክ መሸጥ ይቻላል አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ።

«ይቻላል፣ እትዬ። እርስዎ ይሥሩ፣ እኔ...»

«እርስዎ አትበይኝ። በረንዳ ላይ ነን፤ ቤተ መንግሥት አይደለም።»

አንቺ የምላት ለዚያ ነው። ዛሬም አንቺ ነው የምላት።

የመጀመሪያውን ቀን አንድ የጠረጴዛ ልብስ ፎቶ አነሳሁላት። በጥሩ ብርሃን፣ በጥሩ ጎኑ። ስልኩን ተቀብላ ወደ ዐይኗ አስጠጋችው።

«ይሄ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ጥጉ ላይ ክር ተሳስቶብኝ ነበር። የታለ?»

«አጥፌ ደበቅሁት።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ።»

«አራት ዓመት ሙሉ? ለመደበቅ?» ብላ ሳቀች። «የኔው ላሳንታ እኮ ያለ ዲግሪ ይችልበታል።»

ላሳንታ የእህቷ ልጅ ነው። እዚያ ከሳጥኑ ራስጌ የቆመው። ያን ቀን በረንዳው ላይ ነበር። እሱም ሳቀ። ሦስታችንም ሳቅን።

ከዚያ ሳቋን ትታ «አውጪው» አለችኝ። «ያጠፍሽውን ዘርጊው። እንከኑን አስቀድሚ። ማማሩን ራሳቸው ያገኙታል።»

የተሳሳተው ክር ላይ ቀይ ክር አሰረችበት፣ እንዲታይ። ያንን አንስቼ በስልክ በከፈትነው ገጽ ላይ ለጠፍኩ። አፍሬ ነበር፤ አልዋሻችሁም። አራት ዓመት ተምሬ የመጀመሪያ ሥራዬ ጉድለት ማስታወቅ ሆነ ብዬ።

ከካንዲ ከተማ ቲላካ የምትባል ሴት ጻፈች። «ሌሎቹ የሚያምረውን ነው የሚያሳዩኝ። እናንተ ምነው የተበላሸውን?»

እትዬ የነገረችኝን እንዳለ ጻፍኩላት። «ዕቃው ቤትሽ ከደረሰ በኋላ ብቻሽን እንዳትደነግጪ ብለን ነው።»

ወይዘሮ ቲላካ የጠረጴዛ ልብሱን ገዛች። ከዚያ ለእህቷ አዘዘች። ከዚያ ለምራቷ፣ ከዚያ ለመሥሪያ ቤቷ ሴቶች። እንደዚያ ነው የተጀመረው። በብልጠት አልተጀመረም። በማስታወቂያም አልተጀመረም። በአንድ ቀይ ክር ነው የተጀመረው።

የቡድሃችን በዓል ቬሳክ ደረሰ። በቬሳክ ሙሉ ጨረቃ ሁላችንም መንገድ ዳር ዳስ ጥለን ያለፈ ያገደመውን በነጻ እናበላለን። በዚያ የዳንሳላ ዳስ ሩዝ የሚያቀርብ አለ፤ ካሳቫ የሚቀቅል አለ። ያን ዓመት እትዬ ፒያሲሊ ምን አለች? «እኔ ድስት የለኝም። ዳንሳላዬን በስልክ እጥላለሁ።»

ላይቭ ገባች። ትራሷን ፊቷ አስቀመጠች። የአያቷን የልብስ አንገት ዳንቴል ንድፍ ከመጀመሪያው ስፒል እስከ መጨረሻው አሳየች፤ ለፈለገ ሁሉ፣ በነጻ። ይህን ንድፍ የመንደራችን ሴቶች ለምራቶቻቸው እንኳ አያሳዩም ነበር። እማማ ኤማሊን ዱላቸውን ይዘው በአጥሩ በኩል ሲመጡ ትዝ ይለኛል። እዚህ አሉ፤ ያሉትን አይክዱም።

«አንቺ ፒያሲሊ! ከምራቶቻችን የደበቅነውን ለአገር ትበትኛለሽ?»

«ይውሰዱት፣ እማማ» አለች፣ ቀና ሳትል። «የወገብ ሕመሙንም አብረው ይውሰዱት።»

ምን ሆነ? ሦስት መቶ ሴቶች ትራስ ሰፍተው ሞከሩ። በሳምንቱ መልእክት ይጎርፍ ጀመር። «እትዬ፣ ጣቴን የምታክል ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጀሁ። እባክሽ አንቺው ሥሪልኝ።» ከዚያ ወዲህ በዋጋ የተከራከረን ሰው አላስታውስም። የሞከረ ሰው አይከራከርም። አራት ዓመት የተማርኩትን እሷ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገለባበጠችው። የሰጠችው ሁሉ ተመልሶ መጣ። የደበቅነው ግን የትም አልደረሰም ነበር።

ደግሞ ሌላ ቀን። አንዲት ሙሽራ ለራስ መሸፈኛዋ የዳር ዳንቴል አዘዘች፤ የእትዬ ዐይን አብጦ ነበር። «ከድልድዩ ማዶ ፋሪና አለች፤ እሷ ትደርስልሻለች በያት» አለችኝ። ጮህኩባት።

«እትዬ! በገዛ እጅሽ ገዢ ልታሳልፊ ነው? ፋሪና እኮ ተፎካካሪያችን ናት።»

«ልጅቷ የምታገባው በአሥራ ሁለት ቀን ነው። ባሏ የኔ ዐይን እስኪድን ይጠብቃት?»

ፋሪና ሠርታ አደረሰች። በሚቀጥለው ወር ፋሪና ወደ እኛ አምስት ሰው ላከች። በረመዳን ደግሞ ጣፋጭ ላከች፤ እትዬ ሁለቱን ሳህን ብቻዋን ጨርሳ «ተፎካካሪሽ መልካም እጅ አላት» አለችኝ። ፋሪና በሩ አጠገብ ናት። በነዚህ አምስት ወራት ደጄን ያንኳኳች እሷ ብቻ ነበረች። ከድልድይ ማዶ ተሻግራ። እናንተ ግን አጥር ብቻ ነበር የሚለየን።

ደላላው መምጣት ተወ። ዘጠኝ ሴቶች በአንድ ገጽ መሸጥ ጀመሩ። አርባ ሺህ ሰው ይከተለን ጀመር። እስቲ ዞር በሉና ከዚህ ኮረብታ ወደ ታች ተመልከቱ። ዘጠኝ አዲስ ጣራ ይታያል። በዳንቴል የተሠራ ጣራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሆ።

አሁን ወደ ጨለማው ጎን ልግባ።

የገጹን ፓስዎርድ እትዬ ፒያሲሊ በጠመኔ ወጥ ቤቷ በር ላይ ጻፈችው። በትልልቅ ፊደል። ከዘጠኙ ሴቶች ማንም ገብታ እንድትሸጥ፣ ማንም ማንንም እንዳታስፈቅድ። ለመንኳት።

«እትዬ፣ ይሄ ቁልፍ ነው። ቁልፍ በር ላይ አይጻፍም።»

«ዳንሳላ በር አለው እንዴ?»

«ዳንሳላ ላይ ሩዝ ነው የሚወሰደው። እዚህ ግን ስምሽ ነው።»

«ሂጂ ወዲያ። ስሜን ማን ይበላዋል?»

ሌላ አገር ቢሆን ማንም እንዲህ አይሳሳትም። እዚህ ግን ሳህን ይዞ የመጣን ሰው ማነህ፣ ከየት መጣህ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ነውር ነው። እሷም አልጠየቀችም። ሳህን ይዞ የመጣው ከገዛ ቤቷ ነበር።

ባሕሩ ወጥቶ መንደሩን የጠረገ ቀን እትዬ ፒያሲሊ በአንድ እጇ እህቷን፣ በሌላው የስድስት ዓመቱን ላሳንታን ይዛ ነበር። ባሕሩ ሲመለስ አንደኛው እጇ ባዶ ነበር። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ የቀረላትን እጅ ለቃ አታውቅም። ሲዋሽ አለቀቀችውም። ትምህርት ሲተው አለቀቀችውም። የሰው ሞተር ብስክሌት ተውሶ ቦይ ውስጥ ሲከተው አለቀቀችውም።

ላሳንታ በሩ ላይ ያለውን አነበበ። ከኮሎምቦ ገበያ የማሽን ዳንቴል አመጣ። የእሷን የእጅ ሥራ ፎቶ ለጠፈ፤ የማሽኑን ላከ። የአንገት ጌጥ፣ የእጅጌ ጌጥ፣ ለሠላሳ አንድ ሰው።

ማን ያዘው? እኔ አልያዝኩትም። እትዬም አልያዘችውም። የያዘችው ወይዘሮ ቲላካ ናት። ዕቃውን ገና ሳትፈታው ጻፈችልን። «በዚህ ጊዜ እንከኑን አላሳያችሁኝም። ምነው?» ምንም እንከን አልነበረውም። ማሽን አይሳሳትም። ያ ነው ያስፈራት። ፈታችው፣ አገላበጠችው፣ አወቀችው። «እናንተንም አመንኩ» ብላ ለሕዝብ ጻፈች። በማግስቱ አገር አወቀው።

የእድሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰባችሁ። ነበራችሁ። እኔም ነበርኩ። እትዬ ፒያሲሊ ከፊት ተቀምጣለች፤ ላሳንታ አጠገቧ። ጋሽ ዊማላሴና እንዲህ አሉ።

«ፒያሲሊ፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው?»

ዘጠና ዐይን ወደ እኔ ዞረ። አንዷ ከኋላ «የተማረ ሰው መቼም» አለች። ሌላዋ «ዲግሪዋ ለዚህ ነበር» አለች። ሳቃችሁ። ላሳንታ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጋሽ ዊማላሴና ደገሙት።

«ፒያሲሊ፣ ተናገሪ እንጂ። ማን ነው?»

እትዬ እጆቿን አየች። ሁለቱንም፣ አንድ በአንድ። ከዚያ «ጥፋቱ የቤቴ ነው» አለች። አላስከተለችም። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? የእሷን አፍ ነበር የምጠብቀው።

ውሸት አልነበረም። ግን ያን ጊዜ ለሥራው እንዲመች ብዬ ከቤቷ የኋላ ክፍል የምተኛው እኔ ነበርኩ። እናንተም የሰማችሁት እንደዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ ሊቀጥረኝ ጽፎልኝ ነበር፤ በሳምንቱ ቅጥሩ ተሰርዟል ተባልኩ። ልብሴን በከረጢት ይዤ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ከልጆቻችሁ መሃል አንዳንዶቹን ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። አንዱ ከአጥር ጀርባ «ሌባ» አለኝ። ቃሉን በትክክል ነው የጠራው፤ ጥሩ አስተምሬዋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ፒያሲሊ ቤታችን መጣች። በእግሯ። ልቧ ደክሟል፣ እረፊ ተብላለች። በደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። እናቴ ወንበር አልሰጠቻትም። ቆማ ነው ያናገረችኝ።

«ሠላሳ አንዱንም በእጄ ሠርቼ እልክላቸዋለሁ። አድራሻቸውን ጻፊልኝ።»

«መጀመሪያ ስሜን መልሺልኝ።»

የበሩን መቃን ተደገፈች።

«አዳራሹ ውስጥ ቆመሽ፣ እሷ አይደለችም በይ። እሱ ነው አትበይ። እሷ አይደለችም ብቻ በይ።»

«እሷ አይደለችም ካልኩ እሱ ነው ማለት ነው። ሌላ ማን አለኝ?» አለች። «ባሕር ያልወሰደውን እኔ አውጥቼ ልስጣቸው?»

«እኔንስ ሰጥተሻቸው የለ?»

ከዚያ ያለችውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። «አንቺ ትቆሚያለሽ» አለችኝ። «እሱ ግን ይሰበራል።»

ሰማችሁ? ጠንካራ ነሽና ተሸከሚ። ተማርሽ፣ ደንዳና ሆንሽ፣ ስለዚህ የሌላውን ጭነት ጨምሪ። ይህን ስንት ሴቶች ተብላችኋል? በነጭ ልብሳችሁ እዚህ ከቆማችሁት መሃል፣ «አንቺ ትችይዋለሽ» ተብሎ የሌላ ሰው ነውር ጀርባዋ ላይ ያልተጫነባት ማን ናት? እትዬ ፒያሲሊ ለማያውቋት ሁሉ ለጋስ ነበረች። ንድፏን ሰጠች፣ ገዢዋን ሰጠች፣ የበሯን ቁልፍ ሰጠች። ያልሰጠችው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። እሱም የእኔ ነበር።

አድራሻውን ጻፍኩላት ወይ? ጻፍኩ። በንዴት ጻፍኩ። እስክርቢቶው ወረቀቱን ይቀድ ነበር። የጻፍኩት ለእሷ ብዬ አይደለም። ሠላሳ አንድ ሴቶች የተታለሉት የእኔ እጅ ያነሳውን ፎቶ አምነው ስለሆነ ነው።

ከዚያ ሥራው ጀመረ። እኔ በየማክሰኞው ጠዋት እሄዳለሁ፣ ያለቀውን እወስዳለሁ፣ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ። አንነጋገርም። ቀጭ ቀጭ ብቻ። በየሳምንቱ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ እግሯ ያብጣል። «እረፊ» አላልኳትም። ይህንንም እንከን አድርጋችሁ ያዙት፤ የእኔ ነው። አንዴ ብቻ፣ ቀና ሳትል፣ «ከስተሻል» አለችኝ። «አንቺም» አልኳት። ከዚህ በላይ አላወራንም።

አምስት ወር ሳይሞላ ሃያ ስምንት ላከች።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ነበረች። ግንባሯ ትራሱ ላይ አርፏል። ሁለት ቀሰም በቀኝ እጇ፣ ሁለት በግራዋ፤ አቋርጣ ልታሳልፋቸው ስትል ነው የቆመችው። ሃያ ዘጠነኛው ግማሽ ላይ ነበር። ያገኘኋት እኔ ነኝ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። ክሩ እንዳይዘባረቅ ተጠንቅቄ። እንደዚያ ባለ ሰዓት ለክር መጠንቀቅ እብደት ነው። እሷ ግን ብታየኝ የምትቆጣው ክሩን ባዘባርቀው ነበር።

ዛሬ ጠዋት በዚህ መቃብር በር አንዲት ሴት እጄን ያዘች። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው የመጣችው። ወይዘሮ ቲላካ ናት፤ ከኋላ ጥቁር ጃንጥላ የያዘችው። እንዲህ አለችኝ። «የላከችልኝን ገለበጥኩት። ጠርዙ ላይ አንድ ክር ተሳስቷል። ቀይ ክር አስራበታለች። እሷ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ። ኩሽና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

እንግዲህ የትናንትናውን ልንገራችሁና ልጨርስ። ጋሽ ዊማላሴና፣ ሰዓትዎን አይዩት። ትንሽ ነው የቀረኝ።

ትናንት ለቅሶ ቤት፣ ሰው ቤተል ቅጠል እያኘከ ወንበር ላይ ተደርድሮ ሳለ፣ ላሳንታ ወደ ጓሮ ጠራኝ። አንድ የኮሎምቦ ነጋዴ ገጹን ሊገዛ ይፈልጋል። ከነስሙ፣ ከነፎቶዋ፣ ከነአርባ ሺው ሰው። የሰባት ቀኑ መታሰቢያ እንዳለቀ ይረከባል።

«ማሽን ነው የሚሸጥበት» አልኩት።

«እሱ የነጋዴው ጉዳይ ነው። የአክስቴ ስም ይኖራል፤ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እሷ በሌለችበት የእሷ ፊት ሊዋሽ ነው።»

«ኒሳንሳላ፣ ተይ በናትሽ» አለኝ። «ነገ ሁለት ደግ ቃል ተናገሪና ውረጂ። ሰው ሲሞት እንከኑም ይቀበራል።»

ላሳንታ፣ ሌሊቱን ሳስብበት አደርኩ። ልክ አይደለህም። ሰው ሲሞት የሚቀበረው እጁ ነው። እንከኑ እዚሁ እኛ ላይ ይቀራል። ወይ እናሳየዋለን፣ ወይ አጥፈን እንደብቀዋለን።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ ሳጥኑ ከቤት ሳይወጣ፣ ወጥ ቤቷ ገባሁ። ጠመኔው በሩ ላይ ነው። አልጠፋም። ለመቀየር እንኳ አላሰብክም፤ የተከፈተ በር ሌላ ሰውም እንደሚያስገባ ረስተሃል። ገጹ ላይ የእሷን ፎቶ አልለጠፍኩም። ሁለቱን ዳንቴል ጎን ለጎን አድርጌ ለጠፍኩ፤ የማሽኑንና የእጁን። ከሥሩ እንዲህ ጻፍኩ። «ከዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ሰው ተታሏል። የቤቱ ባለቤት አውቃ ዝም አለች። ሃያ ስምንቱን በእጇ ሠርታ ክሳለች። ሦስት ሲቀራት ሞተች። ያታለለው ሰው ስሙን ራሱ ይጻፍ።» ከሥሩ ባዶ መስመር ትቻለሁ።

እዚያ ስምህን አልጻፍኩም። ያቺን መስመር የተውኩልህ ለእሷ ስል ነው። እዚህ ግን ተናገርኩ፤ ስሜ የተቀበረው በእነዚህ ሰዎች ፊት ነውና፣ የሚወጣውም እዚሁ ነው። ስልክህ ኪስህ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እዚህ ቆሜ ይሰማኛል። ነጋዴው ይሆናል። አንሳው። ገጹን ከፈለገ አሁን ይግዛው፣ እንከኑን አይቶ።

እናንተ የመንደሬ ሰዎች፣ ይቅርታ እንድትጠይቁኝ አልመጣሁም። ከቀብር ስንመለስ እግራችሁን ታጥባላችሁ፣ ሩዙን ትበላላችሁ፣ ትበተናላችሁ። እኔ በረንዳዋ ላይ እሆናለሁ። ሦስት ስም ቀርቷል። አንዷ በጃፍና ናት፣ አንዷ በኩሩኔጋላ፣ አንዷ እዚሁ በማታራ። ከዘጠኙ ጣራ ሥር ያላችሁ፣ ቀሰማችሁን ይዛችሁ የምትመጡ ካላችሁ፣ አጥሩ ክፍት ነው። ፋሪና እመጣለሁ ብላለች። እማማ ኤማሊን፣ እርስዎም ዱላዎን ይዘው ይምጡ። የምትቀሩም ቅሩ።

አሁን ወደ አንቺ ልዙር፣ እትዬ።

መነኮሳቱ ጸሎታቸውን አድርሰዋል። ነጩ ጨርቅ ተሰጥቷቸዋል። ውሃው ከማሰሮው ተንቆርቁሮ ሳህኑን ሞልቶ ፈሷል፤ ከእጃችን የሚፈሰው በጎ ነገር ላንቺ እንዲደርስ። ላሳንታ ነው ማሰሮውን የያዘው። ማሰሮው ባዶ ከሆነ በኋላም አላስቀመጠውም። አይቼዋለሁ። ይህንንም እንድታውቂው ብዬ ነው።

ይቅር አላልኩሽም። ዋሽቼ አልሸኝሽም። ምናልባት አንድ ቀን እልሽ ይሆናል፤ ያኔ እዚህ ኮረብታ ላይ መጥቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ግን እወቂው፤ ሰው ማመንን ካንቺ ነው የተማርኩት፣ የታመንኩበትም የተካድኩበትም አንድ በረንዳ ላይ ነው።

ትራስሽ ይኼው፤ ይዤው መጥቻለሁ። ከጨርቁ ሥር ሃያ ዘጠነኛው አለ፣ ቀሰሞቹም እጅሽ እንደተዋቸው። ከሰዓት በኋላ እቀጥለዋለሁ። እጄ እንዳንቺ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ፣ ስንት ጊዜ ሳቅሽብኝ። ያንቺ እጅ ያቆመበትና የኔ የጀመረበት ቦታ በግልጽ ይታያል። አላጥፈውም። ቀይ ክር አስርበታለሁ፣ ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ለማታራዋ ሴት ከሁሉ በፊት እሱን አሳያታለሁ።

ደኅና ሁኚ፣ እትዬ ፒያሲሊ። ወገብሽ ይረፍ።